መርከበኛውና የቆመችው ነጥብ

ኤልናታን አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ለሐሜት አይደለም ይህን የምለው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከምንኖርበት ዋይትሆል ወደ ሥራችን ካናል ዊንቸስተር በእሱ መኪና ስመላለስ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። ቀይ መብራት ሲይዘው ጣቱ መሪውን ይደበድባል። ዌርሃውሱ ውስጥ እኔ ካርቶን አሽጋለሁ፤ እሱ ደግሞ ካርቶኑን የሚወስዱትን ኮንቬየሮች ይጠግናል። አንዱ ተበላሽቶ ሲቆም ሁላችንም እንነጫነጫለን፤ የእሱ ፊት ግን ይበራል። የሚሮጥበት ነገር አገኘ ማለት ነው። ምሳውን እንኳ የሚበላው ቆሞ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» እለዋለሁ።

«እትዬ ኑራ፣ ይሄ መሬት እኮ አይንቀሳቀስም!» ይለኛል። የሆነ ሰው በድሎት የሚከስ ነው የሚመስለው።

መርከበኛ ነበር። ባሕር በሌላት አገር ተወልዶ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሙያውን ተምሮ፣ በውጭ ኩባንያ የጭነት መርከብ ላይ ኢንጂነር ሆኖ ዓለምን የዞረ ሰው ነው። መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አያውቅም፤ ሬዲዮው እሱ ነው። ብራዚል ወደብ ላይ ከጫኞቹ ጋር ኳስ ሲጫወት ጥርሱ እንደተሰበረ፣ ሲንጋፖር ላይ መርከቦቹ እንደ ሚኒባስ ተደርድረው ተራ ሲጠብቁ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚበር ዓሣ ዘሎ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ፊሊፒኖው ወጥ ሠሪ አንስቶ እንደጠበሰው... አያልቅበትም። ሥራው ከታች፣ ሙቀቱ ትንፋሽ በሚያሳጣው የሞተር ክፍል ውስጥ ነበር። ተራው ሲያልቅ ግን ወደ ላይ ይወጣና የመርከቡ አፍንጫ ላይ ይቆማል።

«ከፊትህ ምንም የለም» ይላል፤ ድምፁ ይለወጣል። «ቢል የለም፣ የቤት ኪራይ ሊዝ የለም፣ የእከሌ ሰርግ ላይ ለምን ቀረህ የሚል የለም። ነፋስ ብቻ! ነገ ሌላ አገር ነህ።»

እኔ ባሕር የተሻገርኩት አንዴ ነው። ልጅ ሆኜ ከደሴ ወጥቼ ጅዳ ስሄድ፣ በጀልባ፣ መንገዱን ሙሉ እያስታወክሁ። ስለዚህ ባሕርና ነጻነት ሲለኝ አይዋጥልኝም። ግን ወላሂ፣ ሀይዌዩ ባዶ ሆኖ እሱ ሲያወራ፣ መውጫችንን ቢያልፈውና ዝም ብለን ብንሄድ ብዬ የተመኘሁበት ጠዋት አለ።

ሚስቱ ማራኪ ኤርፖርት የፓርኪንግ ሻትል አውቶቡስ ትነዳለች። ዲቪው የደረሳት እሷ ናት፤ እሱ ባሕሩን ትቶ ተከትሏት መጣ። ዝምተኛ ናት ይሏታል። እሱ እያወራ ማን ይናገር! አንድ ቀን የግቢያችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ለብቻችን ስንሆን ግን አወጣችው።

ልጃቸውን የአብሥራን አርግዛ ባሕር ዳር ሳለች እሱ መርከብ ላይ ነበር። መቼ ትመጣለህ ስትለው «ጭነቱ እንደወሰደኝ» ይላታል። መርከቦች የት እንዳሉ የሚያሳይ ዌብሳይት አለ አለችኝ፤ ሰማያዊ ላይ ትንሽ ቀስት። የእሱን መርከብ ስም ጽፋ ያቺን ቀስት ስታይ ትውላለች። መውለጃዋ ሲቃረብ ቀስቷ ውቅያኖሱ መሃል ቀጥ አለች። ለካ መርከቡ ከዳር ሲርቅ ዌብሳይቱ አያገኘውም፤ እሷ ይህን በምን ታውቃለች? ሰጥሟል ብላ እያለቀሰች ወለደች። እሱ ወደብ ደርሶ ሲደውል የልጅቷ እትብት ደርቆ ወድቆ ነበር።

«ሁለተኛ ቀስት አላይም፣ እትዬ» አለችኝ፣ ፎጣውን እያጠፈች።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የበረዶው ክረምት ሳይወጣ መርከብ ላይ የሚያስቀጥረው ኤጀንት የደወለለት። መኪና ውስጥ ነበርን። ሂውስተን የምትቆም መርከብ አለች፣ ሁለተኛ ኢንጂነር ጎድሎባታል፣ ስምንት ወር ነው፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጠን አለው። ስልኩን ዘጋና መሪውን ይዞ መሳቅ ጀመረ። ከዚያ መሳቁን ተወና ፊቱ ጠቆረ።

«ዛሬ ቤት ግቢ፣ እትዬ። አንቺ ካለሽ ማራኪ አትጮህብኝም።»

«የራስህን እሳት ራስህ አጥፋ» አልኩት። ግን ገባሁ፤ ነገር ማየት እወዳለሁ።

ነገራት። ቆሞ ነው የነገራት፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተመላለሰ። ልጅቷ፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ ከሥዕሏ ቀና ብላ «ዳዲ፣ አር ዩ ሊቪንግ?» ልትሄድ ነው ወይ አለችው። ማራኪ አልጮኸችም።

«ሂድ» አለችው። «ግን መጀመሪያ እኔ ደርሼ ልምጣ።»

«ከየት?»

«ሮማን ትራኩን እየተፈራረቀች የምትነዳላት ቲም ድራይቨር ትፈልጋለች። ካሊፎርኒያ የሚሄድ ጭነት አላት። ሁለት ሳምንት ነው። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዴን፣ ሲዲኤሌን ያወጣሁት ለሻትል ብቻ አይደለም።»

ሮማን ታችኛው ፎቅ የምትኖር፣ የራሷ ትራክ ያላት ሴት ናት። ኤልናታን መመላለሱን አቆመ። እኔም በልቤ፣ ጎሽ፣ አስቀረችው አልኩ፤ ብልጠት ነው የመሰለኝ። እሱም እንደዚያው ሳይመስለው አልቀረም። ዓርብ ለኤጀንቱ እሺ አለና የሂውስተን በረራው ከማራኪ መመለሻ በኋላ እንዲሆን አስደረገ። እሷም ቦርሳዋን ይዛ ሄደች።

መከራው የመጣው በእኔ ላይ ነው! ልጅቷን ስኩል ባስ ላይ የሚያስገባት ሰው ስለሌለ ሺፍቱን ከማለዳ ወደ ረፋድ አዞረ፤ እኔ በዚያ በረዶ አውቶቡስ ስጠብቅ ከረምኩ። ማታ ማታ ቤቱ እየሄድኩ እረግመዋለሁ፤ እሱ ግን አይሰማኝም። ማራኪ ሎኬሽኗን ሼር አድርጋለታለች። ስልኩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ናት፤ ኢንዲያና፣ አይዋ፣ ነብራስካ እያለች ትሄዳለች። ሽንኩርት ሲከትፍ ስልኩን ሽንኩርቱ አጠገብ ያቆመዋል። ስትሄድ ደህና ነበር። ስትመለስ፣ በረራው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ነጥቧ ዋዮሚንግ ላይ ቆመች።

በረዶ መንገዱን ዘግቶት ነው። እኔ ነገርኩት፣ ዜናውም ነገረው። ግን አይገባውም። ይደውላል፣ አታነሳም፤ እዚያ ኔትወርኩም ተራራው መሃል ይጠፋል። ስልኩን ያጠፋና ያበራል። ነጥቧ እዚያው ናት። ጫማውን ያደርጋል፣ ያወልቃል። «ቢገለበጥስ?» ይለኛል። «ተገልብጦ ቢሆንስ እትዬ? ማን ይነግረኛል?» ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረውን የቀስቷን ነገር ልወረውርበት ፈለግሁ፤ ፊቱን ሳየው ግን አንጀቴን በላውና ዋጥኩት።

በማግስቱ ኤጀንቱ ደወለ፤ ዛሬ ማታ ነው በረራህ፣ ዝግጁ ነህ ወይ አለው። ልጅቷ ሶፋው ላይ ክንዱን ተንተርሳ ተኝታለች። ኤልናታን ነጥቧን እያየ በዝግታ በእንግሊዝኛ መለሰ።

«አልችልም» አለው። «ሚስቴ ባሕር ላይ ናት።»

ሰውዬው ምን እንዳለው አልሰማሁም። መርከቧ ሌላ ሰው ይዛ ሄደች።

ማራኪ ከሁለት ቀን በኋላ ገባች። ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ግን የሌላ ሰው ሆኗል። ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ሾርባዬን ይዤ ደረስኩ፤ ማን ይቀራል!

ኤልናታን እስክትቀመጥ አልጠበቀም። «እኔን ለማስቀረት ነው የሄድሽው አይደል? ይኸው ቀረሁልሽ።»

«አንተን?» አለችና ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ቆመ። «መጀመሪያ አዎ፣ አንተን ለማስቀረት ነበር። ከዚያ ዩታ ስንደርስ የጨው ሜዳ አለ፣ ነጭ፣ ጫፍ የሌለው። ሮማን ከኋላ ተኝታለች፣ እኔ እየነዳሁ ነው። ከፊቴ ምንም የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ኤልናታን? ረሳኋችሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ። አንተንም፣ እሷንም። ልጅ እንዳለኝ ረሳሁ።» እንባዋ ወረደ። «እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ልጅቷን ይበልጥ አቀፈቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችው፦

«ያቺ ቀስት የቆመች ጊዜ፣ እኔ ሳምጥ፣ አንተም እንዲህ ነበርክ?»

ያ ሰውዬ ተቀመጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሳይገደድ ሲቀመጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«አዎ» አለ። «አፍንጫው ላይ ቆሜ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ምንም አላሰብኩም።»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ማራኪ ግን በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ብዙ ዘመን የፈለገችውን ዕቃ ያገኘች ሰው ትመስል ነበር። እጁን ያዘችው። ሾርባዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ፤ ስወጣ ጉንጬ ርሶ ነበር።

ሳምንት አልቆየችም። ቤቱ ውስጥ ከመስኮቱ እስከ በሩ ትመላለስ ጀመር፤ ምሳዋን ቆማ ስትበላ ሳያት አወቅሁ። ሐሙስ ጠዋት የሮማን ትራክ ፓርኪንጉ ዳር ሞተሩ በርቶ ቆመ። ኤልናታን ቦርሳዋን ተሸክሞ፣ ልጅቷን በሌላ እጁ ይዞ ወረደ። እኔም አውቶቡሴን ልይዝ ስወጣ ደረስኩባቸው።

«መቼ ትመለሻለሽ?» አላት።

ማራኪ የትራኩ ደረጃ ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ዞራ አየችው። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያውም አሳዝኗታል።

«ጭነቱ እንደወሰደኝ» አለችው።

በሩ ተዘጋ። የአብሥራ «ባይ ማሚ!» እያለች ዘለለች። ትራኩ ገና ከግቢው ሳይወጣ ኤልናታን ስልኩን አውጥቶ ነጥቧን ይፈልግ ጀመር።