ሙንተሲር አፍርሶ ያልጨረሰው ግንብ

ኢንጂነር ሙንተሲርን ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ፊዚክስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኋላ ቆቦ ላይ አጥር ለአጥር ጎረቤት ሆንን። ለመስክ ሥራ ጎብዬም ይሂድ የትም፣ ማታ ከሚስቱ ከራቢዓና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ካልቀረበ እህል አይወርድለትም ነበር። ዐርብ ጠዋት የልጆቹን ፀጉር የሚያበጥረው እሱ ነው፤ ሰፈሩ ይስቅበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል።

የራቢዓ አባት ሼህ ኡበይድ ከሮቢት ወዲያ ወንዝ ዳር ያርሱ ነበር። ዝናቡ የሚዘንበው ደጋው ላይ ነው፤ ለእኛ የሚደርሰን ጎርፉ። ገበሬው በአፈርና በእሾህ ክትር ጎርፉን ወደ ማሳው ይመልሰዋል፤ ይህን ጠለፋ ይሉታል። ክትሩ በየዓመቱ ይፈርሳል፣ በየዓመቱ ይሠራል። አማቱ በስተርጅና ድንጋይ ሲሸከሙ ማየት ሙንተሲርን አንገበገበው። መሥሪያ ቤቱን አስፈቅዶ የኮንክሪት ግንብ ነደፈ።

ሼሁ የመሠረቱን ቁፋሮ ቆመው ሲያዩ፣ "ልጄን በሽማግሌ ሰጠሁህ፤ ጎርፍ ግን ሽማግሌ አያውቅም፣ ይጠለፋል እንጂ" አሉት። "ብቻ አንድ ጎኑን በአፈር ተወው።"

"ለምን?"

"ሲቆጣ የሚወጣበት።"

"አባቴ፣ እንዲፈርስ ነው እንዴ የምሠራው?"

"እኛማ እንዲፈርስ ነው የምንሠራው።"

ሙንተሲር ሳቀ። እዚያው ነበርኩ፤ እኔም ሳቅሁ። የተማርን ሰዎች የማይፈርስ ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለናል።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ሼሁ የፈሩት ጎርፍ መጣ። ግንቡ ንቅንቅ አላለም። መውጫ ያጣው ውሃ በግራ በኩል ዞሮ ዳርቻውን ቦርቡሮ የሼህ ኡበይድን ቤት ከነራሳቸው ወሰደው። አጣሪ ኮሚቴው "የተፈጥሮ አደጋ" ብሎ ፈረመ። ሙንተሲር ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ለሼሁ በወጣው ሰደቃ ማግስት ግን ራቢዓን አስቀምጦ አባቷ ያሉትን ነገራት።

"አውፍ በይኝ" ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

"አፍርሰው፤ ያኔ እልሃለሁ።"

መሥሪያ ቤቱ ለማፍረስ በጀት የለም አለ። ስለዚህ በየቅዳሜው መዶሻና መሮ ይዞ ይወርድ ጀመር። አምስት ዓመት፤ ያቋረጠው ጦርነቱ ቆቦ ሲገባ ብቻ ነው። ሲሠራው ከሲሚንቶው አንድ ከረጢት፣ ከብረቱም አንዲት ዘንግ አላጎደለም። ሌባ ቢሆን ኖሮ ግንቡ በመጀመሪያው ጎርፍ ይሄድ ነበር። በዕድሜዬ ሌብነትን የተመኘሁት ለዚያ ግንብ ብቻ ነው።

ራቢዓ ምሳውን ትቋጥርለታለች፤ አውፍ የሚለውን ቃል ግን አልሰጠችውም። አንድ ቀን ብለምናት "ጋሽ ታደሰ፣ ዳሩ ላይ አሁንም ሰው ይኖራል" አለችኝ።

ባለፈው ግንቦት እዚያው፣ መሮው እጁ ላይ እንዳለ፣ ልቡ ቆመ።

ጀናዛው ለቀብር ከመነሳቱ በፊት ኢማሙ እንደ ወጉ "እሱ ላይ ሐቅ ያለው አውፍ ይበለው" አሉ። ሰዉ "አውፍ ብለናል" አለ። ራቢዓ ከሴቶቹ መሐል ሆና አስጠራችኝ።

"ምን ያህል ቀረው?"

"ሁለት ክንድ።"

"የራሴን አውፍ ብዬዋለሁ በሉልኝ። ያባቴን ግን እኔ አውፍ ማለት አልችልም።"

ለኢማሙ የመጀመሪያውን ብቻ አደረስኩ።