ምሽቴን ያሳቃት የሲኒማ ሰውዬ

በሰው ቀንቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው። የጎረቤቴ በቅሎ ስታምር እንኳ ሆዴ ይቃጠል ነበር። በጥላ መቅናት ግን ምን ይባላል? ጣሊያን ደብረ ታቦር በነበረበት ዘመን፣ ነጭ አንሶላ ላይ በሚሮጥ ጥላ፣ ያውም በፈረንጅ ጥላ፣ እህል እስኪያስጠላኝ ቀንቻለሁ።

ሥራዬ በቅሎ እየገሩ መሸጥ ነበር። ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ሶላቶዎቹ በአንድ የእህል መጋዘን ሲኒማ ያሳያሉ ተባለ፤ መስኮቱን በጆንያ ሸፍነው ቀኑን አጨለሙት። ጫካ የገቡት ወንድሞቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል ብዬ አልሄድም አልኩ። ምሽቴን ግን ጎረቤታችን የሆነች ሴት ወትውታት ኖሮ፣ "አንድ ጊዜ አይተን እንመለስ" አለችኝ። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ያን ያህል ጊዜ አንድ ነገር ለምናኝ አታውቅም። እምቢ ማለት ከበደኝ።

ማንም ሳይነግረን እንደ ቤተ ክርስቲያን ወንዱ በግራ፣ ሴቱ በቀኝ ተቀመጥን። አንሶላው ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬ ብቅ አለ። አንዲት ሴት ወዶ ልቡ ጠፍቷል፣ እሷ ዞር ብላ አታየውም። አስተርጓሚው ከዚህ የበለጠ አልነገረንም። ሰውዬው እሷን አያለሁ ሲል ከቢስክሌት ይወድቃል፤ አበባ ይዞ ሲመጣ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ በመስኮት ሊጠራት ሲወጣ መሰላሉ ይንሸራተታል። ሴትዮዋ ትስቃለች፣ እሱም ጭቃውን ሳይጠርግ አብሯት ይስቃል። "ይኼም ወንድ ተብሎ" አልኩት አጠገቤ ላለው ሽማግሌ። "ወንድ ልጅ እንዲህ መሳቂያ ሲሆን ማየት ምኑ ደስ ይላል?"

ያን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል፣ ከሁሉም በላይ የሚሰማ፣ ትንፋሽ አጥሮት እንደገና የሚነሣ ሳቅ ሰማሁ። የማን ቀበጥ ናት ብዬ ዞር ስል የኔዋ ናት። እኔ ፊት አፏን በነጠላ ሳትሸፍን ፈገግ ብላ የማታውቀዋ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ፍንጭት መሆኗን ረስቼው ኖሯል።

ደሜ ፈላ። ለኔ ያልሆነ ሳቅ አንሶላ ላይ ላለ ፈረንጅ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ምክንያት እየፈለግሁ ተነጫነጭኩ፤ ወጡ ጨው በዛበት አልኩ፣ ጠላው ቀጠነ አልኩ። ሐሙስ ዕለት እግሬን ስታጥበኝ መታገሥ አልቻልኩም።

"ለመሆኑ የዚያ ሰውዬ ምኑ ነው እንዲያ ያሳቀሽ? ለኔ ስቀሽ ታውቂያለሽ?"

ቀና አላለችም። "ስቄ ነበር። የመልሳችን ዕለት፣ ገሳይ፣ እርስዎ ካባቴ ደጅ ላይ ከበቅሎ ሲወድቁ ሳቅሁ። 'ሁለተኛ ጥርስሽን እንዳላይ' አሉኝ። አላሳየሁም።" ውሃውን ይዛ ወጣች።

የወደቅሁትንማ አስታውሳለሁ፤ በቅሎ ገሪ አማቾቹ ፊት ወድቆ ይረሳል? ያልኩትን ግን ጨርሶ ረስቼዋለሁ። በንዴት ያመለጠኝን አንድ ቃል እሷ ሁለት ዓመት እንደ ቄስ ግዝት ጠብቃዋለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ያንኑ ፊልም ደግመው እንደሚያሳዩ ስሰማ "ተነሺ፣ እንሂድ" ያልኳት እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ያሉትን ይበሉ። አሁን ዓይኔን ከሰውዬው ላይ አልነቀልኩም። ለካ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያየው የተቀደደ ሱሪውን አይደለም፣ የሷን ፊት ነው። ከሳቀች ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል፤ ካልሳቀች ሌላ የሚወድቅበት ይፈልጋል። መሳቂያ ያልኩት ሰው ብልጥ ነበር። መሰላሉ ሲንሸራተት እኔም ሳላስበው ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ሽማግሌው ገላመጠኝ። ፊልሙን ወደድኩት። ቅናቴ ግን ባሰበት እንጂ አልበረደልኝም፤ እሱ የሚያውቀውን እኔ በሠርጌ ሰሞን ባውቅ ምን ነበረበት?

ስንመለስ እንደ ልማዱ እኔ ከፊት፣ እሷና ጎረቤታችን ከኋላ ሆንን። የሰውዬውን አወዳደቅ እያነሡ መሳቅ ጀመሩ። "ያልኩሽን ተይው፣ ሳቂ" ልላት ዞር አልኩ። ገና ሳልናገር ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አፌን ዘግቼ ፊቴን ወደ መንገዱ መለስኩ። ጥቂት እንደሄድን ሳቋ ከኋላዬ እንደገና ተሰማ። እርምጃዬን ቀስ አደረግሁ፤ ቤት እስክንደርስ አንዴም ዞር አላልኩም።