ገለል የማይሉት ዘበኛ

ቡሬ ዳር ያለውን ወና የመሳፍንት አዳራሽ የሚጠብቁት ሽማግሌ የፎቶ አንሺዋን የያምሮትን የፈቃድ ደብዳቤ ሳያነቡ መለሱላት። የላስቲክ ጫማቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አውልቀው ገቡና የእሷን ጫማ በዓይናቸው ገረፉት። ውስጡ ስለጨለመ ለአንድ ፎቶ የካሜራዋን ዓይን ግማሽ ደቂቃ ከፍታ ማቆየት አለባት፤ በዚያ መሀል የተነቃነቀ ሰው ፎቶው ላይ ጉም ሆኖ ይቀራል። ወለሉን የሌሊት ወፍ ኩስ ሞልቶታል፤ ከአንዱ ምሰሶ ሥር ግን አንድ ሰው የሚያስተኛ ያህል ቦታ ተጠርጓል። ሽማግሌው እዚያ ላይ ቆሙ።

«አባ፣ እባክዎ ትንሽ ገለል ይበሉልኝ» አለች ለሦስተኛ ጊዜ።

«በደርግ ጊዜ ይህ እስር ቤት ሲሆንም ዘበኛው እኔ ነበርሁ። ወንድሜን እዚህ ሊገድሉት ሲያመጡት ገለል በል አሉኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ። «ገለል አልሁ።»

ያምሮት የካሜራውን ዓይን ከፈተች። ግማሽ ደቂቃ ሙሉ አልተነቃነቁም።