ለዱርሲቱ የተሠራው የጥድ ሽቶ

ጣቢታ ከሆሳዕና መጥታ ሰበታ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ስትቀጠር፣ ፉሪ ላይ ኦቦ ጂሬኛ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየች። ደጃፏ ላይ አንድ ያረጀ ጥድ ነበር። ከግንዱ ስንጥቅ የሚወጣውን ሙጫ አፍንጫዋን አስጠግታ ስታሸት የአከራይዋ ልጅ ዱርሲቱ አይታ ሳቀችባት። ጓደኝነታቸው የተጀመረው ያኔ ነው።

ዱርሲቱ ጅማ ለሚኖር ሰው ታጨች። «የግቢያችንን ሽታ ይዤ ብሄድ ምን ነበረበት?» አለቻት አንድ ቀን። ጣቢታ ፋብሪካው ውስጥ የምትሠራው ሽታ የሚቀላቀልበት ክፍል ስለሆነ፣ «እኔ እሠራልሻለሁ» ብላ ቃል ገባች።

ኦቦ ጂሬኛም፣ «ዛፌን በስለት አትንኪብኝ እንጂ የፈሰሰውን ውሰጂ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት።

ሙጫውን ለቅማ በአልኮል ዘፈዘፈችው፣ ሲሟሟም በጥጥ አጠለለችው። የመጀመሪያው ሙከራ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ሸተተ። ጦስኝ ጨምራ ስትሞክረው ግን ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው የግቢው ሽታ መጣላት። ደስታዋ አልቆየም፤ ክንዷ ላይ የቀባችው ቦታ ቀልቶ ያሳክካት ጀመር።

ሰርጉ ደርሷል። ልትተወው ፈለገች፤ ዱርሲቱ ግን ባየቻት ቁጥር «አለቀ?» ትላታለች። የሙሽራ አንገት በሰው ፊት ሲያብጥ ይታያት ጀመር።

በሰርጉ ጠዋት ብልቃጡን ስትሰጣት፣ «ቆዳሽን እንዳይነካ! እኔን አቃጥሎኛል። ነጠላሽ ላይ ብቻ» አለቻት።

«እሺ፣ እሺ» አለች ዱርሲቱ፣ ፀጉሯን እየተሠራች። መስማቷም አልታወቀ።

ድንኳኑ ውስጥ ጣቢታ ዓይኗን ከሙሽራዋ ላይ አልነቀለችም። ዱርሲቱ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ትንሽ ቆይታ ደግማ አከከች። ጣቢታ በሰው መሀል ተሹለክልካ ሄዳ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

«ቀብተሻል አይደል?»

«ነጠላዬን ስቀባ አንገቴንም ትንሽ ነው የነካሁት» አለች ዱርሲቱ ፈርታ። አንገቷ ቀልቷል። ጣቢታ በዘይት ጠረገችላት፣ ከዚያም በሳሙና አጠበችላት።

በዚህ መሀል ኦቦ ጂሬኛ ልጃቸውን ፍለጋ ገቡ።

«ይቅር ይበሉኝ ኦቦ፣ የኔ ሽቶ ነው እንዲህ ያደረጋት» አለች ጣቢታ፤ ከግቢው ሲያስወጧት ታይቷት ነበር።

ሽማግሌው የልጃቸውን ነጠላ አንስተው አሸተቱ።

«ይሄ እኮ ደጃችን ነው» አሉ፣ በነጠላው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ቅላቱ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ዱርሲቱም ነጠላዋን ይዛ ጅማ ገባች። ዛሬ ሌሎች ሙሽሮችም ሽቶውን ይጠይቃሉ። ጣቢታ ለልብስ ብቻ መሆኑን እየደጋገመች ትሰጣለች፤ በሰርጋቸው ማግስት ስልኳ ሲጠራ ግን እስከ ዛሬ ትደነግጣለች።