አንዲት እናት ይጥቀሱልን

ባለቤቴ የምክር ቤት አባል ናት። የየትኛው ከተማ እንደሆነ እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኛለች፤ ስለዚህ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ከሚባሉት አንዱ ነው ብዬ ልለፈው። ሦስቱም አዲስ አበባን ታከው የተቀመጡ፣ በጠዋት የታክሲ ሰልፋቸው የሚመሳሰል ስለሆኑ አንባቢ ብዙ የሚቀርበት ነገር የለም።

እንጀራዋ ግን ምክር ቤቱ ሳይሆን ወፍጮ ቤቷ ነው። የተመረጠችውም በወፍጮ ቤቷ ነው ብል አላጋነንኩም። እህላቸው እስኪፈጭ የሚጠብቁ ሴቶች የሆዳቸውን ያጫውቷታል፤ እሷም በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸች ትመልስላቸዋለች። ድምፅዋ በዚያው ስለጠና አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ሲበላሽ ቅድሚያ የሚሰጣት እሷ ናት አሉ።

የጉባኤ ጊዜ ሲደርስ እኔን በጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቦታ ታስቀምጠኛለች። ራት እንደበላን፣ ሳህኖቹ እንኳን ሳይነሱ ልምምዱ ይጀመራል። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እሸሻለሁ። ዕድሜዬን በአስተማሪነት ስለጨረስኩ፣ የቤት ሥራውን ላለመሥራት ሰው ምን ምን እንደሚል አሳምሬ አውቃለሁ።

«የተከበሩት አባል ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው» እላለሁ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «በትኩረት እየሠራንበት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሂደቱ የት ደረሰ ነው የምልህ!»

«የበጀት እጥረቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር…»

እዚህ ላይ በእጇ ያለውን ትወረውርብኛለች። አንድ ቀን ግማሽ ሎሚ ነበር። ቢሆንም ልምምዱ ጠቅሟታል። በምክር ቤቱ ልማድ የሁሉም ጥያቄ መጀመሪያ ተሰብስቦ መልሱ በጥቅሉ ይሰጣል፤ በዚያ መሐል የአንዱ ጥያቄ ቢጠፋ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። እሷ ግን እጇን አውጥታ «የኔ አልተመለሰም» ማለትን ከኔ ጋር ስትጨቃጨቅ ተለማምዳዋለች።

ያን ሰሞን የምንለማመደው ስለ እናቶች ማቆያው ነበር። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ከሩቅ ገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ እዚያ ይተኛሉ፤ ምጥ ሲመጣ አዋላጇ አጠገባቸው ናት። ቀድሞ ገንፎ የምታበስልላቸው ሴት ነበረች። እሷ ለቀቀች፤ ሌላ አልተቀጠረም። የሚበላ በሌለበት ማን ይተኛል? ሴቶቹ ቀሩ። ቀጥሎ «ተጠቃሚ የለም» ተባለና በሩ ተቆለፈ፤ ክፍሉ የአጎበርና የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆነ።

ነገሩ ለኛ ከወፍጮ ቤት ወሬ ያለፈ ነበር። የባለቤቴ ታናሽ እህት አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ብዙ በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ከገበሬ ባሏ ጋር ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ጊዜ ምጥ የመጣባት በክረምት ነበር። በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲወጡ መንገድ ላይ ወለደች፤ ሕፃኑም እዚያው አለፈ። በኛ አገር ክርስትና ሳይነሣ ለሞተ ሕፃን ድንኳን አይጣልም፤ ለቅሶም አይቀመጡለትም። ጎረቤት «እሱ ይካስሽ» ብሎ ይሄዳል፤ እናትየውም በነጋታው ሥራዋን ትሠራለች። እኛም እንደ አገሩ አደረግን፤ ጠይቀናት ተመለስን፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለዚያ ልጅ ተወርቶ አያውቅም።

አሁን ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። የሐኪም ቀጠሮዋ ከጉባኤው ቀን ጋር ስለተጋጠመ ዋዜማውን እኛ ቤት መጥታ አደረች። ልምምዳችንን ስትሰማ ከሳቋ መሐል ድንገት ቆም አለችና እህቷን «የኔን ነገር እዚያ ሰው ፊት እንዳታነሺ» አለቻት።

«ማን ሊያነሣ?»

«አውቅሻለሁ። አፍሽ ሲከፈት አይዘጋም። ብታነሺ አላይሽም።»

ባለቤቴ በእመቤታችን ማለች። እኔ መሐላው አላስደሰተኝም። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ የሚቀረው ደግሞ ከደጃዝማችነት የሚበልጥ ነበር። ማቆያው ካልተከፈተ ይቺ ልጅ ለምጥ የምትመጣው በዚያው መንገድ ነው። እኛ ዘንድ ቁጭ በይ ብንላት፣ ላሞቹንና አማቷን ማን ያይልኛል፣ ደግሞ ሰው ቤት አልወልድም ብላ እምቢ አለች። ጤና ጣቢያ ቢሆን ግን ባሏም አማቷም ይፈቅዱላታል፤ የመንግሥት ቤት ነውና።

በማግስቱ ታናሽየዋን ሐኪም ዘንድ አድርሼ ስንመለስ «እህቴ ስትጮህ ልያት» አለችና አዳራሹ ገብተን ከኋላ ከእንግዶች መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። ጉባኤው የሚካሄደው በኦሮምኛ ነው፤ የሰማሁትን ወደ አማርኛ መልሼ ነው የምተርከው። ኃላፊው ሪፖርቱን አነበበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን አስተምሬለታለሁ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ ነው የሚጨብጠኝ። ጥያቄዎች ተሰበሰቡ፣ መልስ በጥቅሉ ተሰጠ፣ የማቆያው ጉዳይም እንደፈራነው መሐል ላይ ሰመጠ። ባለቤቴ እጇን አወጣች።

«የኔ አልተመለሰም። ማቆያው ለምን ተዘጋ?»

«ጥያቄው ተገቢ ነው…» ሲል አጠገቤ ያለችው እህቷ በክርኗ ጎሰመችኝ። ቃል በቃል እኔ ነበርኩ። በትኩረት አለ፤ ባለቤቴ «ከመቼ ጀምሮ?» አለች። በሂደት አለ፤ «የት ደረሰ?» አለች። አንዳንዱ አባል ፈገግ ማለት ጀመረ። እኔም ትንሽ ጀነን አልኩ፤ ምን ልደብቅ።

ኃላፊው ግን ወረቀቱን አስቀመጠና በለሰለሰ ድምፅ «እውነቱን ልናገር» አለ። «ማቆያው የተዘጋው እናቶች ስላልመጡ ነው። በዚህ ምክንያት የተጎዳች እናት በሪፖርታችን ውስጥ የለችም። የተከበሩት አባል የሚያውቋት ካለች አንዲት እናት ይጥቀሱልን።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በራት ገበታችን ላይ ያላሰብኩት ይህን ብቻ ነበር።

ባለቤቴ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በትዳራችን ዘመን ዝም ስትል ያየኋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው። መልሱ ምላሷ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ መሐላውንም አውቃለሁ። በሆዴ «ተናገሪ» እልና መልሼ «ተይ» እላለሁ። ተናደድኩ። በኃላፊው ነው እንዳልል እሱ የሚያወራው የተጎዳች እናት የሌለች መስሎት ነው፤ ያልተለቀሰለትን ልጅ ማን ሪፖርት ውስጥ ያስገባዋል? አፈ ጉባኤው «እንግዲህ ወደ ሌላ…» ማለት ሲጀምር አጠገቤ ያለው ወንበር ተንቋቋ።

እህቷ ቆማለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ሆዷ ከሩቅ ይታያል።

«እህቴ፣ እንግዶች የመናገር መብት የላቸውም» አለ አፈ ጉባኤው።

«አልናገርም» አለች። «አንዲት ጥቀሱ ሲሉ ሰምቼ ነው የቆምኩት።»

«እሺ፣ ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። እጄን ልሰጣት ብሞክር አላየችኝም። ከፊት ረድፍ ሁላችንም ኦቦ ብቻ የምንላቸው ሽማግሌ ገበሬ ተነሡ። በስንት ጉባኤ አንድ ጥያቄ ጠይቀው የማያውቁ አባል ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው በመተላለፊያው እስከ ኋላ መጡና ክንዷን ያዙ።

«ነፍሰ ጡር ቆማ እኛ ተቀምጠን የምናወራው የምን ጤና ነው?» አሉ ማንንም ሳያዩ። ከዚያ ለእሷ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኮቱ፣ ታኢ» ብለው፣ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው፣ እየመሩ ወስደው በራሳቸው በአባል ወንበር ላይ አስቀመጧት። እሳቸው ቆመው ሌላው መቀመጡ ነውር ነውና አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። አፈ ጉባኤውም ጥቂት አመንትቶ ተነሣ።

«የተከበሩ አባል» አለ ኃላፊው ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ «ምን ደርሶባት ነው?»

«እሱን እኔ አልናገርም» አለች። ድምፅዋ ተመልሷል። «አንዲት ብለውኛል፤ ይቺውልዎ።»

ኃላፊው ወደ እህቷ ዞረ። ወረቀቱን ሊያነሣ እጁን ሰደደና ተወው። «ይከፈታል» አለ። በልምምዳችን ውስጥ ይህ ቃል አልነበረም።

ተከፈተም። አጎበሩ ወጣ፣ ወንበሩ ወጣ፣ ክፍሉ ታጠበ። የገንፎ አብሳይዋ ነገር እስካሁን በሂደት ላይ ነው፤ ዱቄቱ ከባለቤቴ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ የሚያገነፉት ተራ ገብተው የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ባለቤቴ ይህንንም ለሚቀጥለው ጉባኤ ይዛዋለች፤ እኔም ሰበብ እያጠናሁ ነው።

እህቷን ያስገባናት ቀን ፍራሹን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሌሎች ሁለት ሴቶች ቀድመዋት ገብተው እግራቸውን ዘርግተው ይጨዋወቱ ነበር። ነርሷ ካርድ ይዛ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ጠየቀቻት፤ ቀበሌዋን ጠየቀቻት። ከዚያ ቀና ሳትል «ከዚህ በፊት ወልደሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔም ፍራሹን የማስተካክል መሰልኩ።

«አዎ፣ አንድ» አለች እህቷ። «ወንድ ነበር።»

ወንድ መሆኑን እኔ የሰማሁት ያን ቀን ነው።