በዕድሜ ተራ የሚወረውረው ሰው

የአንድ ሰው ሕይወት ቢጠቃለል ምን ይወጣዋል? ሰባ ስምንት ዓመት ኖሬ መልሱን አላገኘሁትም። ባለፈው ቅዳሜ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ሜዳ ተማሪዎች ዲስክ ወርውሮ ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ውድድር ነበራቸው። ሰው ስለጎደላቸው ቆሜ የማየውን እኔን ከአንድ አስታማሚ ጋር አጣመሩኝ። ከአዲ አርቃይ መጥቶ ሴት ልጁን ለቀዶ ጥገና ያስተኛ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ የታጠቀ ጎልማሳ ነው።

ሕጉ ዲስኩ ከቅርጫቱ የራቀበት ሰው ይቅደም ይላል። እሱ ግን የራቀው የራሱ ሆኖ ሳለ፣ “ምነው አያ! እርስዎ ቆመው እኔ ልወርውር?” እያለ በግድ ያስቀድመኛል።

“ጋሼ፣ ሠርግ ቤት እኮ አይደለም!” ብለው ተማሪዎቹ ሳቁበት።

ዲስኬ ቁልቋል ውስጥ በገባ ቁጥር እጁን እሾህ እየቧጨረው ያወጣልኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያከበረኝ ሰው አላስታውስም፤ እግዜር ይስጠው።

በመጨረሻ የውድድሩ መዝጋቢ ሄለን ስሙን ጠየቀችው።

“የእኔ ይቅር፤ የልጄን፣ የየትነበርሽን ጻፊልኝ። ነገ ቀዶ ጥገና ክፍል ሳትገባ ስሟን ከተጫዋቾች መሀል ላሳያት” አላት።

“የወረወረው ሰው ስም ብቻ ነው የሚጻፈው” አለችው። እኔም አጠገቧ ቆሜ “ጻፊለት” አላልኳትም።