ወንድ ልጅ የሌለበት ተራራ

ጎበዝ ሩቅ ይደርሳል ይላሉ። አይደርስም። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ጎበዙ ዛሬም ጉና ላይ ገብስ ያርሳል፤ ሩቅ የደረስኩት እኔ ነኝ። ስለ ከፍተኛ ትምህርት እያጠናሁ ሦስት አህጉር ዞሬአለሁ፣ ፕሮፌሰር ተብያለሁ፣ ከየጉባኤው የተሰጠኝን ቦርሳ የማስቀምጥበት ቦታ አጥቻለሁ። ይህ ሁሉ የጀመረው በደርግ ዘመን፣ ደብረ ታቦር የጂኦግራፊ መምህር ሳለሁ፣ አንድ ገበሬ ቤት ተቀምጬ በሞላሁት ቅጽ ነው።

ቅጹን የላኩት ውጭ አገር የተማሩ አንድ የአዲስ አበባ ፕሮፌሰር ነበሩ። የገበሬ ቤተሰብ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ምን ያህል እንደሚጓጓ ማወቅ ፈልገዋል። በየቤቱ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት ልጅ እንዳለ፣ ዕድሜያቸውና የደረሱበት ክፍል ይጠየቃል። ጥያቄው ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ያን ሰሞን ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቅ ሌላም ሰው መኖሩ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለምለው። ገበሬው ሁለታችንን መለየት አልቻለም፤ አልፈርድበትም። ሁለታችንም በበቅሎ መጥተን እስክርቢቶ ነበር የምናወጣው።

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ልሆን እችል ነበር፤ ግን ወረቀት ይዣለሁና አንቱ አሉኝ። የተቀቀለ ድንች ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ።

«ስንት ወንድ ልጅ አለዎት፣ አባቴ?»

«አንድም የለኝ።»

ይህን ሲሉ ልጃቸው እጄን እያስታጠበኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው፤ አፈሳው ሲጀመር ከክፍል የጠፋው። የአገሩን ወንዞች ሁሉ ምንም ሳያይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይስላቸው ነበር። በዚያ ዓመት ማትሪክ ያልፋል ብሎ ትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ነው። ውኃውን ሲያፈስልኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ይኸስ?» አልኩ።

«የእግዜር እንግዳ ነው» አሉ፣ ፊታቸው ቅንጣት ሳይለወጥ። «መሽቶበት አደረ።»

የእግዜር እንግዳ ይበላል፣ ያድራል፣ ይሄዳል፤ ማን ነህ ተብሎ ግን አይጠየቅም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንኳ ይህን አይደፍርም። እኔ ደፈርኩ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከይፋግ ወዲያ ነኝ፣ መምህር።»

«መምህር መሆኔን ማን ነገረህ?»

እናቱ ከጓዳ ጮኹ፦ «ኧረ እንግዳ ይመረመራል እንዴ! የከተማ ሰው ነውር የሚባል አልፈጠረበትም?»

በዚህ መሀል ውጭ የታሰረች ጥጃ ገመዷን በጠሰች። እንግዳው ማንቆርቆሪያውን ጥሎ፣ በስሟ እየጠራ ተከተላት። ሽማግሌው በበሩ አሻግረው እያዩ፣ «ብልህ እንግዳ ነው» አሉ፤ «ቶሎ ይለምዳል።»

ወንድ ልጅ በሚለው ቦታ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ሳምንት በዞርኩባቸው ቤቶች ሁሉ የእግዜር እንግዳ አላጣሁም፤ አንዱ ቤት ሦስት ነበሩ። ለሁሉም «የለም» አልኩ። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ቅጹ ግን በካርቦን በሁለት ቅጂ የሚሞላ ነበር፤ አንዱ ለፕሮፌሰሩ ሄደ፣ አንዱ ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ቀረ።

አፈሳው ጋብ ሲል ልጁ ለማትሪክ ሊመዘገብ ወረደ። የእገሌ ልጅ ነው የሚል ደብዳቤ ከገበሬ ማኅበሩ እንዲያመጣ ተጠየቀ። ሊቀ መንበሩ ቅጂውን አውጥቶ አሳየው። «አባትህ ወንድ ልጅ የላቸውም። ይኸው፣ የመምህርህ እጅ ጽሑፍ።» ክፉ ሰው አልነበረም፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሞ ለአውራጃው አሳውቋል። አንዱን ልጅ ካመነ የቀሩትንም የደበቀ እሱ ሊባል ነው።

ልጁ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጠብቆ ያዘኝ።

«መምህር፣ ተሳስቼ ነው ብለው ይጻፉልኝ። ለእኔ ብቻ።»

ኪሴ ውስጥ በዚያው ጠዋት የደረሰኝ የፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ነበር። ውጤቱ አስደንቋቸዋል፦ የትምህርት ጥማት ወጣቱን ከተራራው ጠርጎ ወስዶታል። ጥናቱን ውጭ አገር ጉባኤ ላይ ሊያቀርቡት ነው፤ ለእኔም የትምህርት ዕድል አግኝተውልኛል።

«የአንተን ካረምኩ የሁሉም ይመረመራል» አልኩት። «ሌሎቹ ይታፈሳሉ።»

እውነት ነበር። የተመቸኝም እውነት ስለነበር ነው።

«ታዲያ እኔ የማን ልጅ ልሁን?» አለኝ።

ደወል ተደወለና ወደ ክፍል ገባሁ። ማትሪክ ሳይፈተን ቀረ። ከጦርነቱ ተርፏል፤ ይህን አልክድም፣ በተለይ ለራሴ ስናገር ደጋግሜ አነሣዋለሁ።

ጥናቱ ሲታተም ስሜ ሁለተኛ ሆኖ ወጣ። ደርግ ወደቀ፤ ማረሚያ ብጽፍ የሚያስረኝ መንግሥት አልነበረም። እኔ ግን ማረሚያ በመጻፍ ፈንታ ወጣቱ ለምን ከተራራው እንደጠፋ የሚያብራራ ሁለተኛ ጥናት ጻፍኩ። እሱም ተወደደልኝ። ባልጠፉ ሰዎች መጥፋት ላይ ሦስት የዶክትሬት ተማሪዎች አማክሬአለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጉና ወጣሁ። ልጁ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፣ በአባቱ ማሳ ላይ ነበር። ስለ ጥናቱ ነገርኩት፤ ጽሑፉን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። እርፉን ተደግፎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። ካርታው ላይ ሲደርስ ሳቀ።

«የጉማራን ወንዝ ወደ ምሥራቅ አፍስሳችሁታል» አለኝ። ወንዙ የሚገባበት ጣና በየት በኩል እንደሆነ በጅራፉ አሳየኝ። በየአህጉሩ ያነበበው ምሁር ሁሉ ይህን አላየም።

ከዚያ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሰ። መንደሩን አገኘ፣ የአባቱን ቤት አገኘ፣ ዜሮዋ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ጭቃው ወረቀቱ ላይ ቀረ። በሬዎቹን ነድቶ ሄደ፤ ይቀመጡ አላለኝም፣ ይሂዱም አላለኝም።

ማረሚያውን ብልክም ጥናቱን ያተመው መጽሔት ጊዜው አልፏል አለኝ። ስለዚህ ለእናንተ ነው የምናገረው፦ ያን ጽሑፍ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ ከነገ ጀምሮ አታስተምሩት።